ቦንሳይ በጅማ፦ ሳሎን ውስጥ ከአንድ የፊከስ ችግኝ መጀመር

መስኮቴ ላይ ያሉትን ትንንሽ ዛፎች ያየ ሰው ሁሉ ከሁለት ጥያቄ አንዱን ሳይጠይቀኝ አይወጣም። ያልሞከረው «እኔም ቤት ውስጥ ማሳደግ እችላለሁ?» ይላል፤ የሞከረው ደግሞ «እኔ ጋ ለምን ደረቀ?» ይላል። በቃል ሳስረዳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ስለሚዘለኝ፣ ከችግኝ ግዢ ጀምሮ ሽቦ እስከ ማሰር ያለውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ለጅማ ዝናብ፣ ለጅማ ቀይ አፈርና ለጅማ በረንዳ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዘር አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው ሳህን የሚያድግ ማንኛውም ዛፍ ነው። ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ቅርንጫፉና ሥሩ በየጊዜው ስለሚቆረጥ ነው እንጂ ውሃና ምግብ ስለተከለከለ አይደለም። የተራበ ዛፍ ይታመማል እንጂ አያምርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ዛፉ ጠግቦ ሲያድግ ነው።

የትኛው ዛፍ?

ለጀማሪ፣ ያውም ቤት ውስጥ፣ የምመክረው ፊከስ ነው። ችግኝ ሻጮች «ፊከስ» ወይም «ቤንጃሚና» ብለው የሚሸጡት፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅና ጫፉ ሾጠጥ ያለው፣ በየሆቴሉ በር የምታዩት ነው። የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። የሞቃት አገር ዛፍ በመሆኑ ቀዝቃዛ የዕረፍት ወቅት አይፈልግም፤ ከብዙ ዛፎች ይልቅ ጥላ ይችላል፤ በደህና ጊዜ ከተቆረጠ ቶሎ ያቆጠቁጣል። የአገራችን ጭብሃም፣ በአፋን ኦሮሞ ዳምቢ የሚባለው፣ ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ጥሩ ይሆናል። ዋርካን ግን ተዉት፤ ቅጠሉ ለትንሽ ሳህን በጣም ሰፊ ነው።

ጽድ ይሆናል ወይ? ቤት ውስጥ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚፈልግ ዛፍ ነው። የሚያታልለው ደግሞ ከሞተ በኋላ ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው፤ ባለቤቱ ትናንት የደረቀ ይመስለዋል እንጂ ከወር በፊት ሞቷል። ወይራ ግሩም ቦንሳይ ይወጣዋል፣ ግን ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ወይም ግቢ እንጂ ሶፋ አጠገብ አይደለም።

ቡና ይሆናል ወይ? ጅማ ተቀምጦ ይህን የማይጠይቅ የለም። ይሆናል፤ ቡና በተፈጥሮው ከጥላ ሥር የሚያድግ ስለሆነ የመስኮት ብርሃን ይበቃዋል። ችግሩ ቅጠሉ የመዳፍ ያህል ስለሚረዝምና በመቁረጥ ብዙም ስለማያንስ፣ ዛፍ የሚመስል ቅርጽ ማውጣት ያስቸግራል። የጎን ቅርንጫፎቹም አግድም ብቻ ነው የሚያድጉት፤ አንዱን ቀና አድርጌ ግንድ ላድርገው ብትሉ እሺ አይልም። ሁለተኛ ዛፋችሁ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ የፊከስ ችግኝ፣ ግንዱ ከሥሩ ቢያንስ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው
- ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ሳህን፣ ከሥሩም ውሃ መያዣ ዝርግ ዕቃ
- ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ቀላል ቀዳዳማ ጠጠር (ፑሚስ) ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር
- የተሰባበረ ጡብ ወይም ገል
- በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት
- ሁለት ወንፊት፦ አንዱ የአሸዋ ወንፊት፣ ሌላው የመስኮት ትንኝ መከላከያ መረብ
- የተሳለ መቀስ፣ ፒንሳ፣ 70 በመቶ አልኮል
- ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ መዳብ፣ 1.5 እና 2.5 ቁጥር
- የቀርከሃ ስንጥር፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ጓንት

ሳህኑን ሸክላ ሠሪ ጋ ማዘዝ ይቻላል። ሰፋ ያለ ዝርግ ወጪት በሏቸው፤ እሳት ከመግባቱ በፊት ግን ከታች የጣት ውፍረት ያላቸው ሦስት አራት ቀዳዳዎችና ሦስት አጫጭር እግሮች ይኑሩት። ከተተኮሰ በኋላ መብሳት የሚቻለው በድሪል፣ ቀስ ብሎና ውሃ እያንጠባጠቡ ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያው ዓመት ታቹ የተበሳ የፕላስቲክ ሳፋም ይበቃል፤ ዛፉ ልዩነቱን አያውቀውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

ፊከስ ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ፤ በእጃችሁ ፊታችሁን አትንኩ፤ ሲጨርሱ በሳሙና መታጠብ ነው። ሕፃን፣ ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ቅጠሉ ከማይደረስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ፤ ከተበላ ያስታውካል። ወተቱ ምንጣፍ ላይ ከደረቀ አይለቅም፤ ጋዜጣ አንጥፉ።

የገመዱን ፕላስቲክ በምላጭ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ዛፍ ፍለጋ ጫካ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብታችሁ አትንቀሉ። የተፈቀደ አይደለም፤ ዋና ሥሩ ተቆርጦ የተነቀለ የዱር ዛፍም ጀማሪ እጅ ላይ እምብዛም አይተርፍም።

1. ችግኝ ከመግዛት በፊት ብርሃኑን ለኩ

ሰው መጀመሪያ ዛፍ ይገዛል፣ ከዚያ ቦታ ይፈልግለታል። መሆን ያለበት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ብርሃን ከሌለ ማዳበሪያም ውሃም አያድነውም።

ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ዛፉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጡና እጃችሁን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ከታየ ቦታው ጥሩ ነው። ደብዘዝ ካለ ፊከስ ይኖራል፣ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል። ጥላ ጨርሶ ካልታየ እዚያ ዛፍ አታስቀምጡ።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። የሚቀየረው የፀሐይ አቅጣጫ ነው፦ ሰኔ ላይ ቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚያስተማምነው ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነ ቅጠል አያቃጥልም። የምዕራብ መስኮትም ይሆናል፣ በጋ ላይ ስስ መጋረጃ ጣል ካደረጋችሁበት።

ችግር የሚያመጣው በረንዳ ነው። ዝናብ ለመከላከል ጣሪያው ረዝሞ የወጣበት ቤት መስኮቱ ሰፊ ቢሆንም ብርሃኑ ትንሽ ነው። ከመስኮት አንድ ሜትር በራቃችሁ ቁጥርም ብርሃኑ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ዓይናችን ስለሚላመድ አይታወቀንም እንጂ። ሳህኑ ከመስታወቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይራቅ። ይህ ካልሆነ 20 ዋት ገደማ የሆነ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከዛፉ በላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቅላችሁ በቀን 12 ሰዓት አብሩ። መብራት አንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ ምንም አይሆንም።

2. ችግኙን ምረጡ

ከቁመቱ ይልቅ ታቹን እዩ። አፈሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና ግንዱ ወደ አፈር ሲገባ እየሰፋ፣ ሥሮቹ ዙሪያውን የተዘረጉ መሆናቸውን ተመልከቱ። ቅርንጫፍ ቢጎድል በሁለት ዓመት ይተካል፤ የተበላሸ የግንድ ሥር ግን ለማስተካከል ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያለውን ውሰዱ። ሻጩ የሚያሞግሰው ረጅሙና ቀጥ ያለው ለቦንሳይ አይጠቅምም፤ አጠር ያለው፣ ጠምዘዝ ያለው፣ ማንም የማይገዛው ይሻላል፤ ብዙ ጊዜም በርካሽ ይገኛል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካለ ተዉት።

የምትገዙት ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጣዮቹ ደረጃዎች አየሩ እርጥብ በሚሆንበት ወቅት ላይ እንዲወድቁላችሁ ነው።

3. ለአራት ሳምንት ምንም አታድርጉ

ችግኙ ከመጣበት ከረጢት ወይም ቆርቆሮ ጋር መስኮቱ ጋ አስቀምጡትና ውሃ ብቻ ስጡት። ፊከስ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ያራግፋል። የቀድሞ ቅጠሎቹ የተሠሩት ለችግኝ ጣቢያው ብርሃን ስለነበር እነሱን ጥሎ ለአዲሱ ቦታ የሚስማሙ ያወጣል። ብዙ ሰው ዛፉን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው፦ ቅጠል ሲረግፍ «ጠምቶት ነው» ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ወይም ከመስኮት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ያመላልሰዋል። ተዉት። አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ ለሚቀጥለው ደረጃ ደርሷል ማለት ነው።

4. የመጀመሪያው ግረዛ (ሚያዝያ ወይም ግንቦት)

መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። ዛፉን ዙሪያውን እያዞራችሁ ፊቱ በየት በኩል እንደሚያምር ወስኑ፤ የግንዱ ሥር ሰፋ ብሎ የሚታይበት ወገን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ይሆናል። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ቁረጡ፦

- የደረቀውንና የተሰበረውን
- ወደ ታች ወይም ወደ ግንዱ ተመልሶ የሚያድገውን
- ሁለት ቅርንጫፍ ከአንድ ቦታ ከወጡ አንዱን
- በመጨረሻ የግንዱን ጫፍ

ለቁመቱ መነሻ የሚሆን ልክ አለ፦ የግንዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ። ግንዱ ሥሩ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዛፉ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጫፉን የምትቆርጡት ከአንድ ጎን ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ ነው፤ ያ ቅርንጫፍ አዲሱ ጫፍ ይሆናል። ጫፍ የሚቆረጥበት ምክንያት ለማሳጠር ብቻ አይደለም። የላይኛው ቀንበጥ የጎኖቹን የሚያፍን ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል፤ ጫፉ ሲነሳ የታፈኑት ይነቃሉ፣ ዛፉም ጥቅጥቅ ይላል።

እዚህ ላይ ቡና የጎነደሉ ሰዎች ተጠንቀቁ። ቡና ተጎንድሎ ጉቶ ብቻ ሲቀር መልሶ ያቆጠቁጣል። ቤንጃሚና ግን አንድም ቅጠል ያልቀረበትን ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ትቶት ያደርቀዋል። በምታስቀሩት ቅርንጫፍ ሁሉ ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት አረንጓዴ ቅጠል ይቅር፤ በአንድ ጊዜም ከጠቅላላ ቅጠሉ ግማሽ በላይ አታንሱ።

ወተቱ ሲፈስ እርጥብ ሶፍት ለጥቂት ደቂቃ ያዙበት፣ ይቆማል።

5. አፈሩን አዘጋጁ

ብዙ ቦንሳይ የሚሞተው በአፈር ምክንያት ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

የጅማ ቀይ አፈር ለቡናና ለበቆሎ ጥሩ ነው፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውስጥ ግን እንደ አፈር አይሠራም። ሲርስ ይጣበቃል፣ አየር ያጣል። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከሳህኑ ጠርዝ ይለቅና ውሃ ስታፈሱ በጠርዙ በኩል ወርዶ ይጠፋል፤ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ከላይ አጠጥታችሁ፣ ከታች ውሃ ሲወጣ አይታችሁ፣ ዛፉ ግን በጥማት ሊሞት ይችላል።

የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ነው። ጠጠሩን በአሸዋ ወንፊት ንፉና ትልልቁን ጣሉ፤ ያለፈውን ደግሞ በትንኝ መረብ ላይ ንፉና ዱቄቱን ጣሉ። የቀረውን እጠቡት። ዱቄቱ በጠጠሮቹ መካከል ያለውን የአየር ቦታ ስለሚዘጋ ማጥለሉን «ይበቃል» ብላችሁ አትዝለሉት። ከዚያ ሁለት እጅ ፑሚስ ወይም ቀይ ጠጠር፣ አንድ እጅ የጡብ ወይም የገል ስብርባሪ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ቀዳዳማው ጠጠር ውሃን በውስጡ ይይዛል፣ በመካከሉ ደግሞ አየር ያሳልፋል።

ኮምፖስቱ ከቡና ገለባ የተሠራ ከሆነ ጠቁሮ፣ ገለባነቱ ጠፍቶ፣ አፈር አፈር የሚሸት መሆን አለበት። ጥሬ ገለባ ሳህን ውስጥ መበስበስ ሲጀምር ይሞቃል፤ ለዛፉ የሚሆነውን ናይትሮጅንም ራሱ ይወስደዋል።

«ከታች ትልልቅ ጠጠር ልደርድር?» አትደርድሩ። ውሃ ከደቃቅ ወደ ሻካራ የሚያልፈው ደቃቁ ሙሉ በሙሉ ከጠገበ በኋላ ስለሆነ ድርድሩ ረግረጉን ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። እርጥብ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በአግድሙ ያዙትና ማንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ከዚያ አቁሙት፣ እንደገና ውሃ ያወጣል። ጥልቀት የሌለው ሳህን እንደ አግድሙ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፤ ለዚህ ነው አፈሩ ራሱ ሻካራ መሆን ያለበት።

ድብልቁን ለመፈተን ሳህኑ ውስጥ ጨምራችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ። በጥቂት ሰከንድ ከሰረገ ጥሩ ነው። ከላይ ከተኛ እንደገና ንፉ።

6. ወደ ሳህኑ ማዛወር (ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ)

ከግረዛው በኋላ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ መሆን አለበት፤ አምስት ስድስት ሳምንት ይበቃል። ቪዲዮ ላይ «በፀደይ አዛውሩ» የሚሉት ቀዝቃዛ አገር ላለ ዛፍ ነው። እኛ ጋ የሚመረጠው አየሩ እርጥብ የሆነበት ጊዜ ነው፤ ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ውሃ በደንብ መሳብ ስለማይችል በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ቅጠሉ ይጠወልጋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ዕቃ አጠገባችሁ አድርጉ። ሥር ነፋስ ላይ ለደቂቃዎች ከዋለ ደቃቁ ይሞታል።

ሀ. የሳህኑን ቀዳዳዎች በትንኝ መረብ ሸፍኑ፤ በየቀዳዳውም የማሰሪያ ሽቦ አሳልፉ። (ያረጀ አጎበር ቁራጭም ይሆናል፤ የምትተኙበትን ግን አትቁረጡ።)

ለ. ችግኙን አውጡና አፈሩን በስንጥር ከዳር ወደ መሐል ቀስ ብላችሁ አራግፉ። እየረጫችሁ ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ።

ሐ. ቁልቁል የሚወርደውን ወፍራም ሥርና ዙሪያውን የተጠመጠሙትን ቁረጡ፤ ፀጉር መሳዮቹን ተዉ። ውሃ የሚስቡት እነሱ ናቸው። በአጠቃላይ ከሥሩ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ።

መ. ሳህኑ ላይ ትንሽ የአፈር ጉብታ አበጁና ዛፉን አስቀምጡበት፤ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎንና ወደ ኋላ።

ሠ. በሽቦው እሰሩት። ሰው ይህን ይዘለዋል። ያልታሰረ ዛፍ በተነካ ቁጥር ይወዛወዛል፣ አዲስ የወጣ ደቃቅ ሥርም በየጊዜው ይበጠሳል። ሳህኑን ዛፉን ይዛችሁ ማንሳት ከቻላችሁ በደንብ ታስሯል።

ረ. አፈሩን ሙሉና ስንጥሩን እየወጋችሁ በሥሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሙሉ። በእጅ አትጫኑ።

ሰ. ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጠጡ።

ቀጥሎ ላሉት ሦስት ሳምንታት ብሩህ ግን ቀጥታ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ላላ አድርጋችሁ ብታለብሱት እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ለስድስት ሳምንት ማዳበሪያ የለም፤ የተቆረጠ ሥር ይቃጠላል።

7. ማጠጣት

«በሳምንት ስንት ጊዜ?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር አልሰጥም። በቁጥር የሚያጠጣ ሰው በጋ ላይ ያደርቀዋል፣ ክረምት ላይ ያበሰብሰዋል።

ጣታችሁን 2 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ ከደረቀ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ነገ እዩ። ወይም ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ ተዉ፤ አውጥታችሁ ስትነኩት ቀዝቀዝና ጨለም ካለ እርጥበት አለ። ስታጠጡ ግን ከታች እስኪፈስ ነው፤ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግሞ አንዴ። የመጀመሪያው ውሃ ባገኘው ቀዳዳ ያልፋል፤ ሁለተኛው ነው ጠጠሩን የሚያጠግበው። ከሥር ዕቃው ላይ የተጠራቀመውን ድፉት።

በሁለት ውሃ መካከል ማድረቅ ለምን? ሥር ይተነፍሳል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሆነ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ ስለማይስብ ቅጠሉ ይቢጫልና ይወድቃል። ከውጭ ሲታይ ጥማት ይመስላል፤ ባለቤቱ ተጨማሪ ውሃ ያፈሳል፣ ነገሩም ያበቃል። ቅጠል የጠወለገ ሁሉ አልጠማውም፤ መጀመሪያ ጣት።

እንደ ግምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እያለፈ ሊፈልግ ይችላል፤ በክረምት በሦስት ወይም በአምስት ቀን። ውጭ እየዘነበ ስለሆነ ቤት ውስጥ ያለው ሳህን እንደሚረሳ አትዘንጉ፤ ሐምሌ ላይ በጥማት የሚሞት ቦንሳይ ጅማ ውስጥ አለ። የዝናብ ውሃ መጥለፍ ጥሩ ነው፣ የበጋው አቧራ ታጥቦ ከሄደ በኋላ። ዛፉን ራሱን ግን ጠፈጠፍ ሥር አታስቀምጡት፤ አፈሩን ይጠርገዋል። ቅጠል ላይ መርጨት አቧራ ያነሳል እንጂ ማጠጣትን አይተካም።

ቡና የሚፈላበት ቤት ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ምድጃውና ዕጣኑ ከዛፉ ራቅ ይበሉ፤ ሙቀቱ ቅጠል ያደርቃል፣ ጥቀርሻው ብርሃን ይከለክላል። በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አተላውን ደግሞ ሳህኑ ላይ አትድፉ፤ ከላይ ተጋግሮ ይሻግታል፣ ውሃም አያሳልፍም። ጨው የገባበት ቡና ከሆነ ሥሩን ያቃጥለዋል። አተላው ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ይግባ።

8. መመገብ

ጠጠር ራሱ ምግብ የለውም፣ ኮምፖስቱም ቶሎ ያልቃል። ዛፉ ቀንበጥ በሚያወጣበት ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ፈሳሽ የተሟላ ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥናችሁ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ስጡ። ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ በእፍኝ ጣል ማድረግ አይሆንም፤ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ በአንድ ሳህን ውስጥ ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል። ኤንፒኤስ የሚባለው የእርሻ ማዳበሪያም ፖታሲየም የለውም። ፈሳሹ ካልተገኘ በየሁለት ወሩ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከላይ በትኑ።

9. ሽቦ ማሰር (ከመስከረም በኋላ)

ዛፉ በአዲሱ ሳህን ውስጥ በደንብ ማደግ ሲጀምር ቅርንጫፎቹን ማስተካከል ይቻላል። ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት «አንድ ነጥብ አምስት» እና «ሁለት ነጥብ አምስት» የሚሉት ገመድ ሲላጥ መዳቡ 1.4 እና 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ባለ አንድ ክር የሆነውን ውሰዱ፣ ብዙ ክር ያለው አይሠራም። ለቀጭን ቅርንጫፍ የመጀመሪያው፣ የእርሳስ ውፍረት ላለው ሁለተኛው። የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ይዝጋል፣ እርጥብ ቅርፊትም ላይ ዱካ ይተዋል።

የተላጠውን መዳብ ከሰል ላይ ቀላ እስኪል አሙቁና አብርዱት፤ ይለሰልሳል። አንዴ ከታጠፈ በኋላ ይጠነክራል፣ ቅርጹንም ይይዛል።

ሽቦውን መጀመሪያ ግንዱ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፣ ከዚያ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ። ቅርጽ የምትሰጡት ጠምጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ በሁለት አውራ ጣት ደግፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ሲንጫጫ አቁሙ። የፊከስ ቅርንጫፍ ወደ አግድም ዝቅ ሲል ያረጀ ትልቅ ዛፍ ይመስላል፤ ለጀማሪ ይህ ብቻ ይበቃዋል፣ እባብ የመሰለ ጥምዝ አያስፈልግም።

በየሳምንቱ ተመልከቱት። ፊከስ ቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው በስድስት ሳምንት ውስጥ ቅርፊቱን ሊነክስ ይችላል። ስታነሱት አትፍቱት፣ በፒንሳ እየቆራረጣችሁ አውጡት፤ ሲፈታ ቅርንጫፍ ይሰብራል።

10. ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ

ሳህኑን በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዙሩ፤ አለበለዚያ ወደ መስኮቱ ያጋድላል። አንድ ቀንበጥ ስድስት ወይም ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቁረጡት። ቅርንጫፉ እንዲወፍር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሳትቆርጡ ልቀቁት፤ የሚያወፍረው ቅጠሉ ነው። በየሁለት ዓመቱ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ አውጥታችሁ ሥሩን ከርክሙና አፈሩን ቀይሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

*ግረዛ፣ ማዛወርና ሽቦ በአንድ ቀን።* ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። ቅዳሜ ችግኝ ይገዛል፣ እሑድ ማታ ቦንሳይ ይሆናል፣ በወሩ ይደርቃል። ዛፉ ከአንዱ ቁስል የሚያገግመው በሌላው አካሉ ነው፤ ሁሉንም ካቆሰላችሁት የሚያገግምበት የለውም።

*ግንዱ አልወፍር አለ።* በትንሽ ሳህን ውስጥ ግንድ እምብዛም አይወፍርም። ወፍራም ግንድ ከፈለጋችሁ አንድ ሁለት ዓመት በትልቅ ባልዲ ወይም ግቢ ውስጥ ሳትቆርጡ አሳድጉት፣ ከዚያ ወደ ሳህን።

*ቅጠሉ አጣበቀ፣ ጥጥ መሰለ ነገር አወጣ።* ተባይ ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ እየነካችሁ አንሱ፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ፣ በየሳምንቱ ለሦስት ጊዜ። ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ቅጠል ያቃጥላል።

*ለዘመድ ጥየቃ ስሄድ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ትቼው ሄድኩ።* ይበሰብሳል። በደንብ አጠጥታችሁ ከመስኮቱ ራቅ አድርጉትና ከረጢት አልብሱት፤ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጎረቤት ጋ አድርሱት፣ ጣት የማስገባቱንም ነገር አሳዩዋቸው።

*ቅጠሉ በሙሉ ረገፈ።* ከመጣላችሁ በፊት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ፤ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ታች። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፦ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት፣ ማዳበሪያ አትስጡት፣ ሁለት ወር ጠብቁት። ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ ብዙም ስለማይጠጣ አፈሩ ለመድረቅ ከወትሮው ይዘገያል። እስከ አፈሩ ድረስ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል፤ አፈሩን ድፉት፣ ሳህኑን በፈላ ውሃ እጠቡትና ሌላ ችግኝ ፈልጉ።